ኮርኒስ ውስጥ የሞተችው አይጥ

ተኝታችሁ ሳላችሁ አይጥ ጣታችሁን በልታባችሁ ታውቃለች? እፍ እያለች ስለምትነክስ አያምም የሚሉ አሉ። እንዲህ የሚሉት ያልተነከሱት ናቸው። የሰባት ወሯ ጊፍቲ ግን ሰፈሩን በለቅሶ አቀለጠችው። ታላቅ እህቷ ኢፍቱ የዩኒፎርሟን ቁልፍ እየቆለፈች ነበር፤ ሮጣ ስትደርስ የሕፃኗ ትንሿ ጣት በደም ርሷል፤ አንድ ረጅም ጅራት በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ሾልኮ ሲጠፋም አየች።

እናቷ አባይነሽ ከቦኖ ውኃ የቀዳችበትን ጀሪካን በር ላይ ጥላ ገባች። ጣቷን አጠበችላት፣ በንጹሕ ጨርቅም ጠቀለለችው። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ኢፍቱ ዞር አለች።

«ማንም ቢጠይቅሽ በር ነው የጨፈለቃት፤ ሰማሽ?»

«እማዬ፣ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት እንጂ!»

«ሄጄ ምን ልበል? አይጥ በላችብኝ ልበል? ሐሙስ ምርቃት አይደል እንዴ! ከምርቃቱ በኋላ እወስዳታለሁ።»

የምን ምርቃት እንደሆነ የካ ውስጥ ማንም ያውቃል። የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተምራሉ፤ እጅ ታጠቡ፣ ሽንት ቤት ክደኑ፣ አይጥና ተባይ አጥፉ። ሁሉንም ፈጽሟል የተባለ ቤተሰብ «ሞዴል» ተብሎ ይመረቃል። አባይነሽ ደጃፏ ላይ በርጩማ አውጥታ ሹሩባ ትሠራለች፤ ዝናብ ከጣለ ሥራ የለም። የአንድ ለአምስት ቡድኗ መሪ ወይዘሮ ታደለች ደግሞ፣ «ሞዴል ከሆንሽ ሼድ ይሰጥሻል፤ ካልሆንሽ ተራሽ ለሌላ ያልፋል» ብላታለች። ጣሪያ ያለው የሥራ ቦታ! አባይነሽ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም።

ትምህርቱ ክፋት አልነበረውም። የሚያናድደው ሌላ ነው። ከእነኢፍቱ ግድግዳ ጀርባ የወረዳው የቆሻሻ ገንዳ ቆሟል። «ለጊዜው ነው» ተብሎ የመጣ ገንዳ፣ እስኪዘረገፍ ሞልቶ ከርሟል። ለምን አይነሣም ሲባል፣ «መንገዱ ለባቡሩ ስለተቆፈረ መኪና አይገባም» ይባላል። የኃላፊዎቹ መኪና ግን ይገባል፤ ገንዳው ጋ ሲደርስ መስኮቱን ዘግቶ ያልፋል። አይጦቹ እዚያ በልተው ሰው ቤት ያድራሉ፤ ኃላፊዎቹ ደግሞ እናቶችን ሰብስበው «ምግባችሁን ስለማትከድኑ ነው» እያሉ ይገሥጻሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ወይዘሮ ታደለች መላ አላት። «መርዝ አድርጊና ኮርኒሱን በአዲስ ማዳበሪያ ወጥሪው። ነጭ ሲሆን ዓይን ይስባል፤ ለምርቃቱ ቤት ሊያዩ የሚመጡት እንግዶች ወደ ላይ ማየት ይወዳሉ።» አባይነሽ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ ከሚዞረው ሻጭ መርዝ ገዛች፤ ዳቦ ላይ ነስንሳ ከኮርኒሱ በላይ አስቀመጠችና አዲሱን ማዳበሪያ በአራቱም ማዕዘን ጥርቅም አድርጋ በምስማር መታችው።

ኢፍቱ ትምህርት ቤት ስትሄድ ለታደለች ልጅ ለሰርክ ነገረቻት። የስምንተኛ ክፍል ጓደኛዋ ናት።

«እህቴን እኮ ነው የነከሰቻት! ሐሙስ ደግሞ ማይክ ይዤ ቤታችን አይጥ የለም ልል ነው።»

«አቦ አታካብጂ!» አለች ሰርክ። «እኛ ቤት በር ላይ የተሰቀለው የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ውኃ ኖሮት ያውቃል? ለፎቶ ነው። ባለፈው አንዱ እንግዳ ሊታጠብ ሲል እማዬ በእቅፍ አበባ ጋረደችው።»

ኢፍቱ ሳቀች። ከዚያ የጊፍቲ ጣት ትዝ አላትና ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

ሐሙስ ጠዋት ቤቱ ሸተተ። መርዙ ሠርቷል፤ አይጧ ግን ከተወጠረው ማዳበሪያ በላይ፣ ማንም በማይደርስባት ቦታ ሞታለች። አባይነሽ ምስማሩን ልትነቅል ቢላ ስታነሣ ቤቱን ልታይ የመጣችው ታደለች እጇን ያዘቻት።

«አብደሻል? እንግዶቹ ድንኳኑ ጋ ደርሰዋል! ሽቶ አምጪ!»

ሽቶው ጭራሽ አባሰው። የወረዳው ኃላፊ አቶ ፍሥሐ በሩን ሲያልፍ እርምጃው ተገታ፤ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ አፍንጫው ላይ ያዘ።

«ጉንፋን ይዞኛል» አለ። ከኋላው የነበሩት የክፍለ ከተማ እንግዶችም አንድ በአንድ ጉንፋን ያዛቸው። ሁሉም በመሐረባቸው ውስጥ ሆነው ወደ ኮርኒሱ ቀና አሉ።

«እንዴት ያለ ንጹሕ ቤት ነው!» አለ አቶ ፍሥሐ። «ሕፃኗ ምን ሆና ነው?»

«በር... በር ነው ጌታዬ» አለች አባይነሽ። የጊፍቲ ጣት ከጨርቁ በላይ እስከ እጇ ጀርባ አብጧል፤ ጉንጯም ቀልቷል። እንግዶቹ አይተው «አይዞሽ» ብለው ወጡ። ኢፍቱ የእህቷን ግንባር ነካች፤ እንደ እሳት ይፋጃል።

ድንኳኑ ውስጥ ሰፈርተኛው ተቀምጧል። ንግግሩ፣ ጭብጨባው፣ እንደገና ንግግሩ አላልቅ አለ። ጊፍቲ እናቷ እቅፍ ውስጥ ታቃስታለች፤ ለማልቀስም አቅም አጥታለች።

«አሁን ደግሞ የሞዴል ቤተሰብ ልጅ ምስክርነት ትሰጣለች!» አለች ታደለች። ማይኩን ለኢፍቱ ስትሰጣትም ጠጋ ብላ፣ «እንዳጠናሽው በይው፣ ጎበዝ» አለቻት።

ኢፍቱ ቆመች። ያጠናችው ምላሷ ላይ ነበር፦ ቤታችን አይጥም ተባይም የለበትም። ይህን ካለች እናቷ ጣሪያ ታገኛለች። ይህን ካለች ግን ያበጠው ጣት በር የጨፈለቀው ሆኖ ይቀራል፤ ገንዳውም ባለበት። እናቷን አየቻት። አባይነሽ ነገሩ ገብቷታል፤ ራሷን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ተይ፣ ልጄ።

«እህቴን በር አይደለም የጨፈለቃት» አለች ኢፍቱ። ማይኩ ድምፅዋን እስከ መንገዱ ወሰደው። «አይጥ ናት የነከሰቻት። አሁን ጤና ጣቢያ እንወስዳታለን። ሸትታ አፍንጫችሁን ያስያዘቻችሁም እኛ ቤት ኮርኒስ ውስጥ የሞተች አይጥ ናት።»

ከኋላ አንዲት ሴት «እሰይ!» ብላ አፏን ያዘች።

«ልጅቷ ደንግጣ ነው፤ ደንግጣ ነው!» ታደለች ማይኩን ልትቀማ ተንጠራራች። ኢፍቱ ወደ ኋላ ሸሸች። እናቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ሼዱ አበቃ፤ ይህን ኢፍቱ ታውቀዋለች፤ ምናልባትም እናቷ ብዙ ቀን አታናግራትም።

«አቶ ፍሥሐ፣ ገንዳው መቼ ነው የሚነሣው?»

አቶ ፍሥሐ ፈገግ አለ። «ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከወላጅሽ ጋር ቢሮ ትመጪና ተረጋግተን እንነጋገራለን።»

«ቢሮ አልመጣም» አለች ኢፍቱ። ማይኩን አልለቀቀችውም። «እዚሁ ይመልሱልኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ።»