በአባ ሽቦ ቤት ሦስተኛው ወንበር

አባ ሽቦ የሞቱት እሑድ ጠዋት፣ ሙዚቃው ሳይጀምር ነው። ሸክላው ማጫወቻው ላይ ለብቻው ይዞራል፤ መርፌው ግን ገና ከማረፊያው አልተነሣም። የአምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት በርቷል። ሽማግሌው ከመደርደሪያው ሥር በጀርባቸው ተዘርግተዋል፤ ግራ እጃቸው በመስኮቱ ከጓሮ የገባ ወፍራም የመዳብ ሽቦ እንደ ጨበጠ ቀርቷል።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ኮረንቲውን አጥፍተው፣ ከአምፕሊፋየሩ ወደ ግድግዳው የሚሄደውን ገመድ ነቅለው በከረጢት አሽገውታል። ባልደረቦቿ «አትቀመጤ» ይሏታል። ወንበር እንደ ፍም ይፈጃታል፤ ቢሮዋ ውስጥ እንኳ ሰው የምታነጋግረው ከመስኮት ወደ በር እየተመላለሰች ነው። እዚህም ማንንም ሳትጠይቅ ክፍሉን ደጋግማ ዞረችው።

ሟቹ ዕድሜያቸውን በሙሉ የስልክ መስመር ሲዘረጉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ሌላው ጡረተኛ ከፀሐይ ጋር ሲወዳጅ እሳቸው ከመበየጃ ካውያ ጋር ተወዳጁ። የቤታቸው ሙዚቃ እንዲጠራ ብለው ከሱቅ የመጣውን ገመድ ሁሉ አወለቁና እቤት በተሠራ ተኩት። ሦስት ሦስት ቀጭን ሽቦ እንደ ክር እየተገመደ፣ ጫፉ እየተበየደ፣ ሶኬቱ በሙጫ እየታሸገ ከመደርደሪያው ኋላ ይንጠለጠላል። ሰፈሩም የወጣላቸውን ስም ትቶ አባ ሽቦ አላቸው። እሑድ ከሰዓት ሁለት ወዳጆቻቸው ይመጣሉ፤ ሦስት ሆነው፣ በሦስት ወንበር፣ ያዳምጣሉ።

ልጃቸው ፀጉር ሠሪ ናት። መርማሪዋ ያገኘቻት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለቱንም እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ነው፤ እንዳያመልጧት እንደያዘቻቸው ዓይነት።

«ገመዱን የገመድኩት እኔ ነኝ» አለች ሳትጠየቅ። «የአባዬ ዓይን ደክሞ ነበር። ሽቦ መገመድ ከፀጉር አይለይም ብሎ እኔን አስተማረኝ። ሶኬቱንም ያሰርኩት እኔ ነኝ። አባዬን በእጄ ገደልኩት።»

መርማሪዋ አላጽናናቻትም። «ስታገኚያቸው መብራቱ በርቶ ነበር?»

«በርቶ ነበር።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ቀዩ መብራት ፊቱ ላይ ያበራ ነበር።»

ስለ መዳቡ ሽቦም ጠየቀቻት። ሽቦው የሚነሣው ጓሮው መሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ነው። መሬቱ እንዳይደርቅ አባ ሽቦ ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ ያጠጡታል፤ ጎረቤት «መቼ ነው የሚያፈራው?» እያለ ይስቅባቸዋል። ዕቃው ከሰው ገላ በሚወጣ ብልጭታ እንዳይጎዳ ብለው አምፕሊፋየሩን ከመንካታቸው በፊት ሁልጊዜ ያን ሽቦ በግራ እጃቸው ይጨብጣሉ። ወዳጆቻቸው ይህን ሲያዩ «አባ ሽቦ መሐላ ፈጸሙ» ይላሉ። እዚያ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ልትወጣ ስትል ምንጣፉ ላይ ዓይኗ ዐረፈ። ከሦስቱ ወንበሮች ሁለቱ ወደ ስፒከሮቹ ቀጥ ብለው ይመለከታሉ። ሦስተኛው ወደ ግራ ዞሯል፤ የእግሮቹ የድሮ ምልክት ምንጣፉ ላይ ገና አልጠፋም። የማን ወንበር እንደሆነ፣ ማንስ እንዳዞረው ልጅቱን ጠየቀች። «ጆሮ» የሚሉት የአባቷ ወዳጅ ወንበር ነው፤ ያዞሩትም አባቷ ራሳቸው ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገሯትም።

አለቃዋ ነገሩ እንዲራዘም አልፈለገም። «ልጅቷ በራሷ አፍ አምናለች። በቸልተኝነት ሰው መግደል ብለሽ ዝጊውና ለዐቃቤ ሕግ ስጪው።»

«ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው ጌታዬ» አለች፣ በሩ ጋ ቆማ። «እኔ ገና ቅጠሉ ላይ ነኝ።»

እስከሚቀጥለው እሑድ ጊዜ ሰጣት። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ትከሰሳለች።

ከሁለቱ ወዳጆች አንዱ የሙዚቃ ዕቃ ነጋዴ ነው። ሱቁ ውስጥ ገመድ እንደ ጌጥ በመስታወት ሣጥን ተኝቷል። ሰውየው ወሬኛ ነው፤ ጥያቄ ሳይደርሰው መልስ ያዘጋጃል። በአባ ሽቦ መናደዱን አልደበቀም። ሽማግሌው ለዚያ እሑድ ፈተና ደግሰው ነበር፤ ዕቃውን በጨርቅ ሸፍነው አንዴ የሱቅ ገመድ አንዴ የቤት ገመድ እየሰኩ፣ እንግዳው የትኛው የትኛው እንደሆነ በጆሮው ብቻ እንዲለይ።

«እስቲ ይፍረዱኝ፤ ሰው ዕቃ የሚገዛው በዓይኑ ነው እንጂ በጆሮው ነው እንዴ?» አለ ነጋዴው። «በፀጉር ሠሪ ገመድ ተሸነፈ ቢባል ማን ይገዛኛል?»

ቅዳሜ እዚያ ቤት መሄዱንም አመነ። «ሄጄ ነበር፤ ግን ለአፍታ እንኳ ብቻዬን አልተወኝም። ምስጢሬን ይሰርቀኛል ብሎ እንደ ሌባ ነው የሚጠብቀኝ።»

ልጅቱም ይህንኑ አረጋገጠች፤ አባቷ ነጋዴው ካልወጣ ከክፍሉ ንቅንቅ አይሉም።

ሁለተኛው ወዳጅ በሙዚቃ ስቱዲዮ ድምፅ የሚያቀናብር ሰው ነው። ስሙን የሚጠራው የለም፤ «ጆሮ» ነው የሚባለው። እሱ አንገቱን ነቅንቆ ካላጸደቀ ዘፋኝ ዘፈኑን አያወጣም ይባላል። ዝግ ያለ፣ ትሑት ሰው ሆኖ አገኘችው። ቅዳሜ ሸክላ ሊያውሳቸው ሄዶ እንደነበር፣ ሽማግሌው ዘንጋቸውን ሊያጠጡ ጓሮ ሲወጡ ክፍሉ ውስጥ እንደጠበቃቸው ነገራት።

«ምስኪን ልጅ» አለ። «እጇ ጥሩ ነበር። ግን ሰው ነው፤ ይሳሳታል።»

መርማሪዋ እንደ ልማዷ ከወንበሩ ኋላ ወዲያና ወዲህ ትላለች። በቀኙ በኩል ሆና ስትጠይቀው ቶሎ ይመልሳል። በግራው በኩል፣ መስኮቱ ጋ ሆና ስለ ፈተናው ጠየቀችው። እሱ ስለ ልጅቱ የጀመረውን ወሬ ቀጠለ። ቃል ሳትለውጥ ዞራ በቀኙ ጠየቀችው።

«ፈተናው? ጨዋታ ነው፤ ምን ያስፈራል?» አለ ፈገግ ብሎ።

አመስግናው ወጣች፤ ደረጃውንም ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደችው።

ቢሮዋ ስትደርስ ከረጢቱን አስፈታች። ሶኬቱን በቢላ ፈልቅቃ ውስጡን አየች። ከዚያ ልጅቱ የሠራቻቸውን ሌሎች ገመዶች አስመጥታ አንድ በአንድ በመብራት ላይ አቁማ ተመለከተቻቸው። በመጨረሻ ሁለት ፖሊሶች የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዘው ወደ ስቱዲዮው እንዲሄዱ አዘዘች።

እሑድ ከሰዓት ሦስቱም በአባ ሽቦ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ነጋዴውና ጆሮ እንደ ወትሮው በየወንበራቸው ተቀመጡ። ልጅቱ በጆሮ ግራ በኩል ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ እጇ ዛሬም ብብቷ ውስጥ ነው። አለቃው በሩ ላይ ሰዓቱን ያያል። መርማሪዋ ለሦስቱም ሦስት ሦስት ክር አደለችና እንዲገምዱ ጠየቀች።

«የሕፃናት ትምህርት ቤት ከፈትን እንዴ?» አለ ነጋዴው። ሆኖም ገመደ፤ ሲለቀው ተፈታ። እንደገና ገመደ፤ እንደገና ተፈታ። የጆሮ ግምድ ጥብቅ ብሎ ቆመ። ልጅቱ እጇን ከብብቷ ለማውጣት ጊዜ ፈጀባት፤ ካወጣች በኋላ ግን ጣቶቿ ሥራቸውን አልረሱም።

«አሁን ስሙኝ» አለች መርማሪዋ፣ መመላለሷን ሳታቆም። «ከሦስቱ ሽቦ አንዱ ኮረንቲ ያመጣል፣ አንዱ ይመልሳል። ሦስተኛው የመሬት ሽቦ ነው፤ ከአምፕሊፋየሩ የብረት ሣጥን ጋር ይያያዛል። ይቺ ልጅ ተሳስታ የሚያመጣውንና የመሬቱን ብታለዋውጥ ኖሮ ሣጥኑ ኮረንቲ ይይዝ ነበር፤ እውነት ነው። ግን አምፕሊፋየሩ አይበራም። እሷ ስትገባ በርቶ ነበር። ስለዚህ ስህተት አይደለም። ሶኬቱ ውስጥ ኮረንቲ የሚያመጣውን ከመሬቱ ጋር የሚያገናኝ ብጣሽ ሽቦ አግኝቻለሁ። ፊውዙ እንዳይበጠስም የመሬቱ ሽቦ በግድግዳው በኩል ተቆርጧል። ይህ ዕቃውን ሳያጠፋ ሰውየውን የሚገድል ሥራ ነው። አባ ሽቦም መሐላቸውን ሊፈጽሙ መዳቡን ጨበጡና አምፕሊፋየሩን ነኩ፤ ኮረንቲው በገላቸው አልፎ መሬት ገባ።»

«እሷስ ሆን ብላ ብታደርገው?» አለ አለቃው።

መርማሪዋ ከከረጢቱ የወጣውን ገመድ አቁማ ያዘች። «ይቺ ልጅ ግራኝ ናት። የገመደችው ሁሉ፣ ይህ ክርም ጭምር፣ ጥምዝማዜው ወደ ግራ ይወጣል። ይህ ገዳይ ገመድ ወደ ቀኝ ይወጣል። ብትገለብጡትም አይለወጥም። ቀለሙ ያው፣ ርዝመቱ ያው፤ እጁ ግን የሌላ ነው። ፖሊስ ቶሎ ስላሸገው ቀርባ አላየችውም እንጂ እሷው ትነግረን ነበር። ሶኬቱ በሙጫ ስለሚታሸግ ገዳዩ እዚህ ሆኖ መፍታት አይችልም፤ አምሳያውን ቤቱ ሠርቶ አምጥቶ ቀየረው። አቶ ነጋዴ ዕድሜዎን ሙሉ ገመድ ሸጡ እንጂ አንድ ቀን አልገመዱም። ብቻዎንም አልተተዉም። ብቻውን የተተወው፣ ሽማግሌው ጓሮ ሲወጡ፣ አንድ ሰው ነው።»

ነጋዴው ቀስ ብሎ ወንበሩን ከጎረቤቱ አራቀ።

ጆሮ ፊቱ አልተለወጠም። «የቅርብ ወዳጄ ነበር። ለምን ብዬ?»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእርስዎ ግራ ጆሮ ደግሞ ለሁላችንም ባዳ ሆኗል» አለች። «በግራዎ ስጠይቅዎ አልሰሙኝም። ነጋዴው ከፈተናው የሚቀርበት ገበያው ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሰበብ አያጣም። እርስዎ ግን ከዚህ ስም ሌላ ምንም የለዎትም። በጨርቅ ተሸፍኖ ሲጫወት ሳይለዩ ቢቀሩ፣ ወሬው ከዚህ ነጋዴ አፍ ስቱዲዮ እስኪደርስ አያድርም።»

ከበሩ ውጭ የነበሩት ፖሊሶች ገቡ። አንደኛው ገመድ ይዟል፤ ጥምዝማዜው ወደ ግራ ይወጣል። ስቱዲዮ ውስጥ፣ ጆሮ በሚሠራበት ዕቃ ላይ ተሰክቶ ነው ያገኙት።

ጆሮ ገመዱን ሲያይ ትከሻው ወረደ። «ልጥለው አስቤ ነበር» አለ። «ግን ሰካሁት። ልዩነቱን እሰማ እንደሆነ ብዬ።»

«ሰሙት?»

«አልሰማሁም።»

ልጅቱ ከግድግዳው ተላቀቀች። የምታየው ሰውየውን ሳይሆን የተቀመጠበትን ወንበር ነበር። «አባዬ ያውቅ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «ወንበሩን ያዞረው ለዚያ ነው፤ ቀኝ ጆሮው ወደ ስፒከሩ እንዲሆንለት። እሑድ ገመዱን ከጨርቁ ኋላ የሚቀያይረው ጆሮ ነው፤ እሱ አይፈተንም ብሎኝ ነበር። ለምን ስለው፣ ወዳጄ ነው አለኝ።»

ጆሮ ሰዎቹ ድንገት ወደ እሱ መዞራቸውን አየ። አንገቱን አዙሮ፣ «ምን አለች?» ሲል ጠየቀ።

ነጋዴው ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ጣለ። መርማሪዋ ወንበሩን ዞራ በቀኙ በኩል ጎንበስ አለችና የልጅቱን ቃል አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ሰውየው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሲወስዱት እጁን ይዘው ማስነሣት ነበረባቸው።

ሌሎቹ ወጥተው ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ መርማሪዋ ክሮቹን ለቃቀመች፣ ከረጢቱን ዘጋች፣ መስኮቱን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። የምትሠራው አልነበራትም፤ መሄድም አልቻለችም። ልጅቱ የገዛ መዳፎቿን ገልብጣ ስታያቸው ቆየች፤ ሰው የጠፋበት ዕቃ ሲመለስለት እንደሚያየው።

«ፀጉርዎ ከኋላ ተፈቷል» አለች በመጨረሻ። «እንዲህ ሆነው መንገድ አይወጡም። ይቀመጡ።»

«እኔ መቀመጥ አልችልም።»

«ይችላሉ።»

አትቀመጤ በአባ ሽቦ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የልጅቱ ጣቶች ከማጅራቷ ጀምረው ፀጉሯን ሦስት ቦታ ከፈሉት፤ ወደ ግራ ይገምዱትም ጀመር። ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ እግሯ እንኳ አልተነቃነቀም።