ሂክማ ለአንዋር ልትሰጠው የፈለገችው

ሂክማ ስድስት ዓመቷ ነው። ትንሽ ወንድሟ አንዋር ገና አራት ዓመቱ ነው።

አንዋር መሮጥ በጣም ይወድ ነበር። ዱብ! ዱብ! ዱብ! እያለ ግቢውን ይዞረው ነበር።

አሁን ግን አይሮጥም። ትንሽ ይራመድና ቁጭ ይላል።

ትንሽ ነገር ሲነካው እግሩ ይበልዛል። አፍንጫው ሲደማም ደሙ ቶሎ አይቆምም።

እማና አባ ሆስፒታል ወሰዱት። እዚያው ተኛ።

ዶክተር ፋናዬ ሂክማን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«አጥንታችን ውስጥ መቅኔ አለ» አሏት። «ደም የሚሠራልን እሱ ነው። የአንዋር መቅኔ ደም መሥራት አቁሟል።»

«ታዲያ ሥራ በሉታ!» አለች ሂክማ።

«እምቢ አለን፣ የኔ ልጅ። ከመቅኔው የሚሰጠው ጤነኛ ሰው ያስፈልጋል። ግን የሰውየው መቅኔ ከአንዋር ጋር መግጠም አለበት።»

«የሰጠው ሰውስ መቅኔ አያልቅበትም?»

«አያልቅበትም። መልሶ ይተካል።»

መጀመሪያ ታላቅ ወንድማቸው ጀማል ክንዱን ዘረጋ። ቁንጥጥ! መርፌው ለምርመራ ደም ቀዳ።

ጠበቁ። ጠበቁ። ጠበቁ።

ዶክተሯ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልገጠመም።»

እማ ክንዷን ዘረጋች። ቁንጥጥ!

ጠበቁ። ጠበቁ። ጠበቁ። «አልገጠመም።»

አባም ክንዱን ዘረጋ። ቁንጥጥ!

ጠበቁ። ጠበቁ። ጠበቁ። «አልገጠመም።»

አባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«የኔ ይገጥማል!» አለች ሂክማ። «የኔና የአንዋር አፍንጫ አንድ ዓይነት ነው። ጆሯችንም አንድ ዓይነት ነው!»

ወደ አንዋር ሄደች። «የኔን መቅኔ እሰጥሃለሁ። ከዚያ ትሮጣለህ» አለችው።

«ወላሂ?»

«ወላሂ!»

ሂክማም ክንዷን ዘረጋች። ቁንጥጥ! አላለቀሰችም።

ጠበቁ። ጠበቁ። ጠበቁ።

ዶክተር ፋናዬ መጡ። ሂክማ ፊት ቁጭ ብለው እጇን ያዙ።

«አልገጠመም፣ የኔ ልጅ።»

ሂክማ ያን ጊዜ አለቀሰች። ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ስር ገብታ ጥቅልል አለች።

እማ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው?»

«አይደለም፣ ሆዴ። የማንም ጥፋት አይደለም።»

«አሁንስ ማን ይሰጠዋል?»

«የሚገጥም ሰው እየፈለጉለት ነው። ሩቅ አገር ድረስ።»

«ይገኛል?»

«አላውቅም፣ ሆዴ» አለች እማ። እሷም ማልቀስ ጀመረች።

ሂክማ ከወንበሩ ስር ወጣች። እማ ላይ ተለጠፈች። አብረው አለቀሱ።

ከዚያ ሂክማ እጇን በሳሙና ታጠበች። ማስክ አደረገች። አንዋር ጋ ገባች።

ሰው የለገሰው ደም በቀጭን ቱቦ ይወርድለታል። ጠብ! ጠብ! ጠብ!

«ሂክሚ፣ ገጠመ?» አላት።

ሂክማ «አዎ» ልትለው ፈለገች። በጣም ፈለገች። ግን አልዋሸችውም።

«አልገጠመም» አለችው።

አንዋር ወደ በሩ አየ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

«ልትሄጂ ነው?»

«አልሄድም። እዚሁ ነኝ።»

አንዋር እጇን ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

ውጭ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። አንዋር እንቅልፍ ወሰደው። እሽሽሽ…

የሂክማ እጅ ደነዘዘ። ቢሆንም አላነሳችውም።