ባዶ እጁን የቆመው ሰውዬ

እንዲህ ያለ ወሬ በሚያወሩ ሰዎች ላይ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ከሸዋሮቢት ሽንኩርት ጭኜ ስንት ዘመን ስነዳ ጅን ቀርቶ ጅብ እንኳ አስደንግጦኝ አያውቅም፣ አሁንም አምኜ አይደለም የማወራህ፣ ዝም ማለቱ ራሱ አድክሞኝ ነው።

ልጄ ሰሚራ ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ የይፋትን አሮጌ ከተሞች አሳየኝ ብላ ወጥራ ያዘችኝ፣ ሸለቆውን ይዘን ስንዞር ሰንብተን መጨረሻ አሊዩ አምባ ገባን፣ ድሮ የግመል ነጋዴ ይጎርፍበት የነበረውን ገበያ አየን፣ እሷ በከረጢት ማንጎ ገዝታ አዘለች፣ እኔ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ዱላዬን ብቻ ይዣለሁ። መኪናውን ያቆምነው ከወንዙ ማዶ ነው። የደጋው ሰማይ ጠቁሯል፣ እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ደራሽ ውኃ እንደሚመጣ አውቃለሁና የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ እንሻገር ብዬ አጣደፍኳት።

የወንዙ አሸዋ ጋ ስንደርስ የግመል ቃጭል ሰማሁ። ወላሂ ሰማሁ፣ ኮቴም፣ የሰው ሳልም፣ ወንዙ ግን ጭር ብሏል።

«ቁም እንጂ አባዬ፣ ይለፉ» አለችኝ እጄን ይዛ። በእኛ አገር መሻገሪያ ላይ ጭነቱ የከበደ ይቀድማል፣ የቀለለው ዳር ይዞ ይቆማል፣ ይህንን ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

«እነማን ናቸው የሚያልፉት?»

«ግመሎቹ ናቸዋ! አታያቸውም እንዴ?»

ልጎትታት ስል ውኃው ድንጋይ እያንከባለለ መጣ፣ ገብተን ቢሆን ኖሮ አላህ ያውቃል። ቃጭሉ ግን አልቆመም፣ ከጎርፉ መሀል፣ ቀስ እያለ፣ ወደ ማዶ ሲሻገር ሰማሁት፣ ፈራሁ፣ ምን እዋሽሃለሁ።

«አለፉ» አለች ሰሚራ፣ ከዚያ ፈገግ ብላ እግሯን ወደ ውኃው አነሳች። «የመጨረሻው ሰውዬ ምንም አልያዘም፣ እኔ ማንጎ ስላዘልኩ ቆሞ እለፊ እያለኝ ነው፣ ሰው ገትሮ ማስጠበቅ ነውር አይደል?»

ከረጢቱን ከጀርባዋ መንጭቄ ጎርፉ ውስጥ ወረወርኩት። «ይኸው፣ እሷም ባዶ ናት!» ብዬ ጮህኩ፣ ለማን እንደጮህኩ እንጃ። እግሯን መለሰች፣ ውኃው እስኪጎድል ክንዷን ጨምድጄ ተቀመጥኩ።

የነገርኩት ሰው ሁሉ ድካም ነው፣ ፀሐይ ነው ይለኛል፣ ይሁን። ሰሚራም ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ትናንት ደውላ ስለ ምግቡ፣ ስለ ዶርሟ ስታወራልኝ ቆየችና ልትዘጋ ስትል ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አባዬ» አለችኝ፣ «ሰውዬውም ባዶ፣ እኔም ባዶ፣ የዶርሜ በር ላይ ስንገናኝ ማን ነው የሚቀድመው?»