ከጎማው ሥር የገባው ድንጋይ

ፒክአፗ ለሦስተኛ ጊዜ ዘላ ሞተሯ ጠፋ። ፀደይ ፍሪሲዮኑን እንደረገጠች ዳገቱ ወደ ኋላ ይስባት ጀመር። ደነገጠችና መሪውን በሁለት እጇ ወደ ደረቷ ሳበችው። የኋላው ጎማ ከድንጋይ ጋር ተላተመና ቆመ።

«ልጓም አይደለም እኮ እሱ» አለ የአጎቷ ልጅ አበረ፣ አጥሩን ተደግፎ እየሳቀ። «ፍሬን የሚባል ነገር አለ፤ በእግር ነው የሚረገጠው። ወይስ ሣር እናቅርብላት?»

ፊቷ ጋለ። እውነቱን ነው። ፈረስ ላይ የወጣችው በአምስት ዓመቷ ነው፤ ስትደነግጥ እጇ ከእግሯ ይቀድማል። በጥር ጊዮርጊስ ለት ዳማውን ፈረስ ስታስጋልብ ግን አበረ አቧራዋን ሲቅም ነው የዋለው።

አባቷ አስማረ በረንዳው ላይ ክንዱን አጣጥፎ ያያል። ፀደይና አበረ ሁለቱም ዘንድሮ አሥራ ስምንት ሞላቸው፤ ዳንግላ ሹፍርና እንዲማር የሚልከው ግን አንዳቸውን ነው። ከጥርባ ወደ እንጅባራ ድንች የሚያመላልሰውም የተማረው ነው። አባቷ መፈተኛ ያደረጋትን ዳገት አበረ ቅድም በአንድ ሙከራ ወጥቷታል።

«ልጄ፣ ይብቃሽ ውረጂ» አሉ አያቷ እማማ የሻረግ። ድንጋዩን ከጎማው ሥር ያስገቡት እሳቸው ናቸው፤ ከማለዳ ጀምሮ አቅፈውት ሲዞሩ ነበር። «ይኼ ብረት ነው፤ አያዝንም።»

«ፈረስስ መቼ አዘነ፣ እማማ? ጥርሴን የሰበረው ማን ሆነና?»

«እሱን አታንሺብኝ።»

«የቀረሽ አንዴ ነው» አለ አባቷ።

«ብትወጣም የምትነዳው እሷ አይደለችም» አለ አበረ። «የእማማ የሻረግ ድንጋይ ነው።»

ፀደይ የእጅ ፍሬኑን ስባ ወረደች፤ ጎንበስ ብላም ድንጋዩን ፈልቅቃ አወጣችው።

«ምን ልታደርጊ ነው? መልሺው ብያለሁ።»

«እምቢ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።» ድንጋዩን መልሳ አስታቀፈቻቸው። «እዚያ አባባ ጋ ሆነው ይያዙልኝ። ከኋላዬ ሰው እንዳይቆም።»

እማማ የሻረግ ሊቆጡ አሰቡ፤ ግን ድንጋዩ ከበዳቸው። ጊዮርጊስን እየተማጠኑ፣ እያጉረመረሙ ወደ በረንዳው ሄዱ።

ፀደይ ገብታ ሞተሩን አስነሳች፤ አንደኛ ማርሽ አስገባች። ግራ እጇን መሪው ላይ በስሱ አሳረፈች። ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለች ስትለቅ፣ ፒክአፗ ለግልቢያ እንደ ጓጓ ፈረስ ከሥሯ ተንቀጠቀጠች። ይህቺን መንቀጥቀጥ ከፈረስ ጀርባ ታውቃታለች።

ወደ በረንዳው አልዞረችም። የእጅ ፍሬኑን አወረደችው።