ቀበቶህን እሰር

እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ነጠላዬን አስተካክዬ የምነሳ ሴት ነኝ። ጎረቤቶቼ ስለ ጥላና ስለ ድምፅ ሲያወሩ «እስቲ ተዉን» ብዬ ወደ ቤቴ እገባለሁ፣ በእግዚአብሔር አምናለሁ፣ በፀበሉ አምናለሁ፣ የተረፈውን ለወሬኛ ትቼዋለሁ። ዛሬም ያው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም፣ እመኑኝ፣ ከሆዴ አልወጣ ቢለኝ ነው።

ሁለት ወንዶች ልጆች ሰጥቶኝ ነበር፣ ተመስገን። ትልቁ ደረጀ፣ ትንሹ ሱራፌል። አባታቸው ነፍሱን ይማረውና ሹፌር ነበር፣ እነሱም ሹፌር ሆኑ። ሱራፌል ከመገናኛ ፈረንሳይ ሚኒባስ ይነዳል። ደረጀን ግን አንድ ኩባንያ ቀጠረውና ነጭ መኪና ሰጠው፣ ጣሪያዋ ላይ እንደ ድስት ክዳን ያለ ነገር የሚሽከረከርባት፣ ሥራው መንዳት ብቻ ነው፣ ሰው አይጭን፣ ዕቃ አይጭን፣ ከጉርድ ሾላ መገናኛ፣ ከዚያ በፈረንሳይ አድርጎ ሽቅብ እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፣ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል።

«ምን ዓይነት ሥራ ነው?» አልኩት።

«እያስተማርኳት ነው።»

«ማንን?»

«መኪናዋን ነዋ። እኔ ስነዳ እያየች ትማራለች፣ ስትጨርስ ብቻዋን ትሄዳለች።» ሳቀብኝ። «እማዬ፣ የልጅ ልጅ አምጣ እያልሽ ስትነዘንዢኝ አልነበር? ይኸው አመጣሁልሽ።»

«ብረት ነው የልጅ ልጄ?»

«ክርስትና አልተነሳችም እንጂ ጠባይዋ ደህና ነው።»

እንዲህ ነበር ደረጀ።

አንድ ቀን ጋቢና አስቀምጦ ወሰደኝ። የኪዳነ ምሕረት በር ጋ ሲደርስ ቀስ አለ፣ ቆመ፣ የእሱን በኩል መስኮት ዝቅ አደረገ፣ አማተበ፣ ተሳለመና ቀጠለ። በወጣ በወረደ ቁጥር እንደዚያ ነው። አንድ የማልወድለት ነገር ቢኖር ቀበቶ አለማሰሩ ነው። መኪናዋ ቲን፣ ቲን፣ ቲን እያለች ትነዘንዘዋለች፣ አለቆቹም ይቆጡታል፣ እሱ እንዳልሰማ ይነዳል። እኔ «ልጄ፣ ቀበቶህን እሰር» ስለው ግን «እሺ እማዬ» ይልና ያስራል። ለእኔ ብሎ እንጂ ለእሷ ብሎ አያስርም።

ሱራፌል በዚህ ሥራ አልሳቀም። አንድ ማታ ራት ላይ እጁን ከመሶቡ አነሳና «ይኼ እኮ ጉድጓዴን ነው የሚቆፍረው» አለ። «ነገ ያንን ዳገት ሰው የሌላት መኪና ስትወጣው እኔ ምን በልቼ ልኖር ነው?»

«እኔ ባልሠራው ሌላ ሰው ይሠራዋል» አለ ደረጀ።

«ሌላ ሰው ይሥራዋ! አንተ ወንድሜ ነህ።»

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም፣ በአንድ በር እየገቡ፣ ከአንድ ቧንቧ እየታጠቡ። እኔ ለመንኩ፣ የነፍስ አባታችንም ለመኑ። ከዚያ ደረጀ ታመመ፣ ሕመሙም አልቆየም። ሐኪሙም ፀበሉም አልተለየውም፣ ጌታ ግን ፈቅዶ ወሰደው፣ ስሙ ይመስገን። ሱራፌል እስከ ሆስፒታሉ በር መጥቶ ነበር አሉ። «ነገ እገባለሁ» ብሎ ተመለሰ። ያ ነገ ሳይመጣ ቀረ።

በቀብሩ ቀን ዓይኑ ደረቅ ነበር። ከዚያም በኋላ ሲያለቅስ አላየሁትም።

ተዝካሩን ካወጣን በኋላ የኩባንያው መኪኖች፣ ሁሉም ከደረጀ አነዳድ የተማሩ፣ ብቻቸውን መሄድ ጀመሩ። መሪው ራሱ ይዞራል፣ ወንበሩ ላይ ማንም የለም። ሰዉ «ባዶ» የሚል ስም አወጣላቸው። መጀመሪያ ጨዋታ ነበር፣ ወያሎቹ ጎኗን እየደበደቡ «ሹፌር፣ ወራጅ አለ!» ይሏታል፣ ሰው ይስቃል። በኋላ ሰዉ በባዶዋ መሳፈር ለምዶ ሚኒባሱን መተው ሲጀምር ሳቁ ቀረ። ዓይኗ ነው የሚሉትን ጭቃ መረጉባት፣ ጎማዋን በሚስማር በሱት፣ ጉርድ ሾላ ላይ የአንዷን መስታወት ሁሉ አረገፉት። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ አብዛኞቹን በስማቸው አውቃቸዋለሁ፣ እናቶቻቸውን አውቃለሁ፣ ቤታቸው ምን እንደሚበላም አውቃለሁ።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አንዷ በአጠገቤ አለፈች፣ በሯ ላይ በቀይ ቀለም «አባትሽ ማነው?» ተብሎ ተጽፎባታል። ሰዎች ሳቁ። እኔ እቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። አባቷን አውቀው የለ።

ማታ ሱራፌል ለራት ሲታጠብ ጥፍሩ ውስጥ ቀይ ቀለም አየሁ።

በዚያ ሰሞን ፖሊስ ድንጋይ የሚወረውሩትን መያዝ ጀምሮ ነበር። «ሱሬ» አልኩት፣ «አንድ ልጅ ነው የቀረኝ።»

«እኔ ምን አደረግኩ?» አለኝ።

ኪዳነ ምሕረትን ብቻ ለመንኳት፣ ይህን ተይልኝ አልኳት።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው ፍልሰታ በተፈታበት በኪዳነ ምሕረት ቀን ነው። ሰው ወደየቤቱ ሄዶ ሲያልቅ እኔ ፀበሉ ጋ ቆየሁ፣ ጀሪካኔን ሞላሁ፣ ስወጣ ሊመሽ ነው። ዝናቡ ማባራቱ ነው፣ ባሕር ዛፉ ገና ያንጠባጥባል፣ ጭጋጉ ከላይ ከራጉኤል በኩል እየወረደ ነው። ከበሩ ዝቅ ብሎ ያለው ጥምዝ ጋ ስደርስ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ዳር የሱራፌል ሚኒባስ መብራቱን አጥፍቶ ቆሟል። የእሱ ረዳት ቢኒ አለ፣ ሌሎችም ወጣቶች አሉ፣ መሀላቸው ልጄ ድንጋይ ይዞ ቆሟል።

«እማዬ፣ ወደ ቤት ሂጂ።»

«አብረን እንሂድ።»

«ማዘር፣ ይሂዱ በቃ፣ እዚህ የእርስዎ ቦታ አይደለም» አለኝ ቢኒ።

«አንተስ ቦታህ ነው?» አልኩት።

በዚህ መሀል አንዷ ባዶ ከላይ መጣች። የሞተር ድምፅ የላትም፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ጎማዋ ሲንሸራተት ብቻ ነው የሚሰማው። አንድ መብራቷ ተሰብሯል፣ በአንዱ ትመጣለች። ከቆምንበት የቤተ ክርስቲያኑ በር ይታያል። እዚያ ስትደርስ ቀስ አለች፣ ቆመች። መስኮቷ ዝቅ አለ።

«ተሳለመች እንዴ?» አለ ቢኒ። ለቀልድ ነበር ያለው፣ የሳቀለት ግን የለም።

እኔ እንኳ በዚህ አልደነገጥኩም፣ ልጄ ያስተማራትን ነው የምታደርገው አልኩ በልቤ። መጣች፣ ድንጋዮቹ ፊት ቆመች። ውስጧን በደንብ አየሁ፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ይህን እንድታምኑኝ እፈልጋለሁ፣ መሪው አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ሰው የለም። በሯ ላይ ያ ጽሑፍ አለ። ከኋላ አንዱ ወረወረና የኋላ መስታወቷ ተሰነጠቀ። ወደ ኋላም አላለች፣ ክላክስም አላደረገች፣ ቆማ ታየናለች። ሱራፌል ድንጋዩን ከፍ አድርጎ ወደ ተከፈተው መስኮት ሄደ።

ጀሪካኔን ጥዬ መሀል ገባሁ። ጀርባዬን ለመኪናዋ ሰጥቼ፣ ፊቴን ለልጄ። እጁ ከራሴ በላይ ነው።

«አባትሽ ማነው ብለህ የጻፍክባት አንተ አይደለህም?» አልኩት።

«አባቷ ልጄ ነው» አልኩ። «ምታና ልየው።»

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ከጀርባዬ፣ ከመስኮቱ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ ቲን፣ ቲን፣ ቲን።

አላሰብኩበትም፣ ማርያምን፣ የእናት አፍ ከሐሳቧ ቀድሞ ይሄዳል። ዞር እንኳ ሳልል «ልጄ፣ ቀበቶህን እሰር» አልኩ።

ከጀርባዬ ቀጭ አለ። ደወሉ ቆመ።

እኔ ያየሁት የሱራፌልን ፊት ብቻ ነው። በትከሻዬ አሻግሮ ወደ ውስጥ ያያል። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ልጅ ሳለ ሊያለቅስ ሲል እንደሚያደርገው፣ እጁ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ድንጋዩ ከእጁ ወድቆ ቁልቁል ተንከባለለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መንገዱ ላይ ያለውን ድንጋይ ያነሳ ጀመር።

«ሱሬ፣ ምን ሆነሃል?» አለው ቢኒ።

«አንሳ።»

«ምን አየህ?»

«አንሳ አልኩህ!»

ተጋግዘው አነሱት። ጀሪካኔ ተገልብጦ ፀበሉ ግማሹ አስፋልቱ ላይ ፈስሷል፣ መኪናዋ በላዩ አለፈች፣ ጥምዙን ዞረች፣ ጭጋጉ ዋጣት። ጭጋጉ ጋርዶኝ «ሄደች?» አልኩት።

«ሄደ» አለኝ።

መኪና በእኛ ቤት ከአባታቸው ጀምሮ ሴት ናት፣ ሱራፌልም ዕድሜውን ሁሉ «እሷ» ሲል ነው የኖረው። የሰማሁት ስላልመሰለኝ ቀና ብዬ አየሁት።

«ሄደ፣ እማዬ» አለኝ እንደገና፣ መንገዱ ዳር ተቀመጠና አለቀሰ። ቀብሩ ላይ ያላለቀሰውን አለቀሰ። ቢኒና ሌሎቹ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። እኔ የተረፈውን ፀበል በእጄ ይዤ ፊቱን አጠብኩለት፣ ስለ ሰጠኸኝም ስለ ተውክልኝም ተመስገን አልኩ።

ቤት ከገባን በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነገረኝ። «ታስሮ ነበር» አለኝ። «ቀበቶው። በባዶ ላይ አይደለም የታሰረው። ወጠር ብሎ ነበር፣ ሰው እንዳለበት።» ከዚያ በኋላ አንስቶት አያውቅም።

በማግስቱ ከኩባንያው አንዲት ልጅ መጣች፣ ሄለን ትባላለች፣ ከደረጀ ጋር ትሠራ ነበር፣ ለቅሶም መጥታልኛለች። ረብሻውን ሰምታ «እማማ፣ አልተጎዱም?» ልትለኝ ነው የመጣችው። ስለ ደወሉ ጠየቅኳት።

«የወንበሩ ሴንሰር ነው፣ እማማ፣ ሰው ሲቀመጥ የሚያውቀው። መስኮቱ ተከፍቶ ውሃ ሲገባ ሰው የተቀመጠ ይመስለዋል፣ ይጮኻል።»

«ዝም የሚለውስ?»

«ቀበቶው ሲታሰር ነዋ።»

«ታስሮ ነው እንዴ የምትሄደው?»

«አንዳንዴ ጋራዥ ውስጥ ልጆቹ እንዳይጮህባቸው አስረውት ይረሱታል» አለች።

«ታስሮ ከነበረ ለምን ጮኸ?»

ልትስቅ ነበር፣ ፊቴን አየችና ተወችው። ቡና ላፍላልሽ ስላት ቸኩያለሁ ብላ ሄደች።

ለነፍስ አባቴም ነገርኳቸው። አባ «የሞተ አይመለስም፣ ይህን አጥብቀሽ ያዢ» አሉኝ። «ይዣለሁ፣ አባ» አልኳቸው። «ለደረጀ ፍትሐት ደግመን እናስደርግ» አሉ። አስደረግን። ግን አባ ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ጥምዝ ሲያልፉ መስቀላቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ባዶዎቹን ከእኛ መንገድ አነሷቸው፣ ለጊዜው ነው ይላሉ። ሱራፌል ሚኒባሱን ይነዳል፣ ድንጋይ አይነካም፣ በሰላም ይወጣል በሰላም ይገባል፣ ከዚህ በላይ ምን እለምናለሁ።

ባለፈው ኪዳነ ምሕረት ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሱራፌልን ከነሚኒባሱ በሩ ጋ አገኘሁት፣ ሊያወርደኝ። ከኋላ ሰው ሞልቷል፣ ጋቢና ግን ባዶ ነው። አንድ ሰውዬ በሩን ሊከፍት ሲል ቢኒ «ጋቢና ሰው አለ» አለው። ሰውዬው በመስኮት አይቶ «የታለ?» አለ። ቢኒ ትከሻውን ነቀነቀ።

እኔ እናቱ ነኝ ብዬ እጀታውን ያዝኩ።

«እማዬ፣ ከኋላ ግቢ» አለኝ ሱራፌል፣ በትሕትና።

«ማን አለ?»

ወደ ጋቢናው ዘንበል አለ፣ ቀበቶውን ስቦ በባዶው ወንበር ላይ አሰረው፣ ከዚያ የራሱን አሰረ። ሰው ተጠጋጋልኝና ከኋላ ተቀመጥኩ።

የልጄ ሚኒባስ አሮጌ ናት፣ ደወል የሚባል ነገር የላትም። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም ዳገቱን ወርደን እስክንጨርስ፣ ሰው ሲያወራ፣ ቢኒ ሲጣራ፣ እኔ ጆሮዬን ከፊት አላነሳሁም።