የአባባ ወልደ ሐዋርያት ሌላኛው ዓይን

ማስተዋል ዓይኖቹን የቆጠረችው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው። አጥሩ ላይ ዘጠኝ የሰፈር ሰዎች ተሥለዋል። ስምንቱ ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። የአጥሩ ባለቤት አባባ ወልደ ሐዋርያት ግን በጎን ስለተሣሉ ያላቸው አንድ ብቻ ነው።

ከልጅነቷ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አይታዋለች፦ በድሮዎቹ ሥዕሎች ላይ ደጋጎቹ በሁለት ዓይን ያያሉ፤ በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ የሚሰጣቸው ክፉዎቹ ናቸው። አባባ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ አይውሉም።

«ኪያ፣ እዪው እስቲ።»

«ውይ፣ ጉድ ፈላ!» አለች ጓደኛዋ። «በቃ አጥሩን ኖራ ያስቀቡታል። የሦስት ቅዳሜ ልፋት ገደል ገባ።»

የኮተቤን ልጆች በስፕሬይ መሣል የምታስተምረው ነፃነት ጭንብሏን ወደ አገጯ አውርዳ ቀረበች። ማስተዋል ነገረቻት።

«በጎን መሣል ስድብ አይደለም እኮ» አለች ነፃነት። «አፍንጫቸው ራሱ እንዴት እንዳማረ! ግን… እሳቸው እንዴት እንደሚያዩት እኔም አላውቅም።»

ማስተዋል የፈለገችው ቁርጥ ያለ መልስ ነበር።

ነፃነት ጣሳዎቹን ልትሰበስብ ስትሄድ ኪያ ማስተዋል ጆሮ ሥር ገባች። «የአባባን ቅርጽ አውጥተን ቀለም የነፋንበትን ካርቶን የቆረጠችው ነፂ ናት እንበል። እሷ ከመሪ ሰፈር ነው የምትመጣው፤ ምን ያደርጓታል? አንቺን ግን ለእናትሽ ይነግሩብሻል። እንዳለፈው።»

ባለፈው ሳምንት አባባ በትምህርት ሰዓት ታክሲ ተራ እንዳዩዋት ለእናቷ ነግረው ነበር። እናቷ ልጄ ተበላሸችብኝ ብላ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ማስተዋል ካርቶኑን የቆረጠችው በማግስቱ ነው። በጎን ያደረገችው ስለሚቀልላት ነው? ወይስ…? ምላጩን ይዛ ምን ታስብ እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች። አልመጣላትም።

የብረት በሩ ተከፈተና አባባ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

«ይቺ በለጡ ናት! ከነዘንቢሏ!» ብለው ሳቁ። ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እያለፉ መጨረሻው ላይ ደረሱ። ሳቃቸው ቆመ።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ አባባ» አለች ነፃነት።

«ከእነማን ጋር ነው የደመራችሁኝ? ማን ነው የሠራው?»

«ኃላፊዋ እኔ ነኝ፣ አባባ…»

ኪያ ማስተዋልን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። አሁን ዝም ብትል ነገሩ ነፃነት ላይ ያበቃል።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች ማስተዋል።

«በጎን የሚሣለው ማን እንደሆነ አታውቂም ነበር?»

«ረስቼ ነው።»

አባባ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ግቢያቸው ተመለሱ። በሩ ሊዘጋ ሲል ማስተዋል ሮጣ ያዘችው።

«አባባ፣ ረስቼ ይሁን ሆን ብዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አላውቅም። ለእናቴ ስለነገሩብኝ ተናድጄብዎት ነበር። ነገ ፊት ለፊት ይቀመጡልኝ? እንደገና እቆርጠዋለሁ።»

«አበድሽ እንዴ!» ስትል ኪያን ከኋላዋ ሰማቻት።

ሽማግሌው አንድ እጃቸውን በሩ ላይ አደረጉ። እየመሸ ነው፤ ፊታቸው በደንብ አይታይም። ተቆጥተው ይሁን አይሁን ማስተዋል መለየት አልቻለችም።

«ከቅዳሴ በፊት እንዳትመጪ» አሏት።

በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ገባ፤ ቁልፉም ሁለቴ ዞረ።