አራተኛው መጥረጊያ

የድሮው የጠላቂዎች ጀልባ መሪ፣ ካፕቴን ፋኑሪስ፣ የሞተው የተሳፈረባት መርከብ ወደ ፓኖርሚቲስ ገዳም ልትደርስ ስትል ነው። የተገኘው ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ መንገደኛው ተሳልሞ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ተመልሶ ሲሳፈር ነበር። በመርከቧ ሆድ ውስጥ፣ ሐብሐብ ከጫነ የጭነት መኪና ጀርባ፣ ሸራ ተጥሎበት ተጋድሟል። ጭንቅላቱ ከኋላ በኩል ተፈንክቷል። ሸራውን የገለጠው መርከበኛ የሰከረ ሰው መስሎት መጀመሪያ በእግሩ ነካ ነካ አድርጎት ነበር፤ ይህ ነገር ቀኑን ሙሉ ሲቆጨው ዋለ።

ከሮድስ ተነስቶ የሲሚን ደሴት አይቶ በዚያው ቀን መመለስ ለባዕድ ሰው ሽርሽር ነው። ለእኛ ግን መጀመሪያ ገዳሙ፣ ከዚያ በኋላ ከተማና ምሳ። ለሊቀ መላእክቱ ለሚካኤል መጥረጊያ እንሳላለን። ለምን መጥረጊያ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ አያቶቻችን ወሰዱ፣ እኛም እንወስዳለን። ስለቱን ያላገባ ሰው የተሳፈረባት መርከብ ከዚያ ወደብ አትወጣም ይባላል። በዚህ የሚስቁ አሉ፤ ሲስቁ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

የወደብ ፖሊሱ መርማሪ ሚኬስ ከከተማው በትንሽ ጀልባ ሲደርስ፣ የመርከቧ አዛዥ ያኮቮስ የሚባለውን ሰው ዕቃ ቤት ቆልፎበት ጠበቀው። ሚኬስ የጠላቂ ልጅ ነው፤ አባቱ ከባሕር ሥር ስፖንጅ ያወጣ ነበር። አጭር፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ሰው ሲያወራ የሚያንቀላፋ የሚመስል ሰው ነው። በዚያ እንቅልፉ የተሸወደ ውሸታም ብዙ ነው።

«ነገሩ አልቋል» አለ አዛዡ ሰዓቱን እያየ። «ገዳዩን ይዘንልሃል። የያኮቮስ ወንድም፣ ጠላቂው ሳቫስ፣ በፋኑሪስ ጀልባ ላይ ነው የሞተው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየቡና ቤቱ ‹አንድ ቀን እገድለዋለሁ› ሲል ያልሰማ የለም።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያወራ ከኖረ አስተማማኝ ሰው ነው» አለ ሚኬስ። «ሟቹን መጨረሻ ያየው ማነው?»

«አንዱ መርከበኛዬ። ልንደርስ አሥር ደቂቃ ሲቀረን፣ መጥረጊያውን ይዞ ወደ ታች ሲወርድ አይቶታል። መንገደኛው ሁሉ የገዳሙን ደወል ለመስማት ከፊት ተሰብስቦ ነበር። ልክ እንደቆምን የታችኛውን በር ቆለፍኩ፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ስለዚህ የሞተው ከመቆማችሁ በፊት ነው። መጥረጊያውስ?»

«ሰው ሞቶ ስለ መጥረጊያ ትጠይቀኛለህ እንዴ?»

ሚኬስ ጉልበቱን እየረገመ ተንበርክኮ ከመኪናው ሥር አየ፣ ሸራውን አገላበጠ። ያገኘው መጥረጊያው የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ብቻ ነው።

ከሟቹ ጋር የመጡት አራት ሰዎች ናቸው። ሚኬስ ያኮቮስን አስፈትቶ፣ አራቱንም ሬሳው ፊት አቆማቸውና አንድ በአንድ አያቸው። የሟቹ ልጅ ኔክታሪያ ተንበርክካ አለቀሰች፤ ግንባሯ ላይ ገዳሙ ውስጥ የተቀባችው ዘይት ያብረቀርቃል። ፃምቢካ የምትባለዋ ሴትዮ የባሏን ጃኬት በክንዷ እንደያዘች አማተበች። ያኮቮስ አንድ እግሩን እየጎተተ መጣ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ እሱም ግንባሩ ዘይት ነው።

«እግዚአብሔር ይማርህ» አለ፤ ቀጥሎም «አንተ ውሻ» ብሎ ጨመረ።

የፃምቢካ ባል ፖቲቶስ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ነበር። ኮፍያውን አላወለቀም።

ሚኬስ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ አነጋገረ። መጀመሪያ ኔክታሪያ ገባች።

«ሁላችንንም የጋበዘን አባቴ ነው» አለች። «‹ስለት አለብኝ፣ ዛሬ ገመዱን ለባለቤቱ እሰጣለሁ› አለኝ። መጥረጊያውን በጋዜጣ ጠቅልሎ አላሳይም አለ።»

«ባለቤቱ ማን እንደሆነ አልጠየቅሽውም?»

«መልአኩን ማለቱ መስሎኝ። ስለዚያ ስለ ሞተው ጠላቂ ማውራት ሲጀምር እኔ ትቼው እሄዳለሁ ጋሼ ሚኬስ። ዛሬ ጠዋትም ትቼው ሄድኩ። አሁን የምሰማው ቢሆን ምናለ።»

ያኮቮስ ሲገባ ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

«አልገደልኩትም» አለ። «ሰው ቀደመኝ ብለህ ጻፍ።»

«ከምትጠላው ሰው ጋር ለምን መጣህ?»

«ጠራኛ። ‹ና፣ ስለ ወንድምህ የምነግርህ አለኝ› አለኝ። ይቺን ቃል ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቄያታለሁ። እስቲ አንተው ፍረድ፤ ሳልሰማ እገድለዋለሁ?»

ሚኬስ ዓይኑን ገለጥ አደረገ። «ሰምተህ ቢሆን ኖሮ አስርህ ነበር» አለው።

ፖቲቶስ የተዝናና ለመምሰል እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። በጉብዝናው ዘመን በካፕቴኑ ጀልባ ላይ ሠርቷል፤ ኋላም በመርከብ ማደሻ የሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ቄስ ማብሸቅ ይወዳል።

«ስለት? እኔ?» አለ። «ዛሬ ሮድስ ወደብ ላይ ሲገዙ ባዶ እጄን ቆሜ ስስቅባቸው ነበር። መልአኩ ቤቱን መጥረግ ካማረው መጥረጊያ ሻጭ አያጣም። እነሱ ሲሳለሙ እኔ ውጭ ካፌው ቁጭ ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። ደጁንም አልረገጥኩ።»

«ሳቫስ የሞተ ዕለት ጀልባው ላይ ነበርክ አይደል?»

«ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኛ። ጠላቂ ሲጨንቀው ገመዱን ይስባል፣ እኛ እናወጣዋለን። እሱ አልሳበም። ሰክሮ ነበር የወረደው። ለፃምቢካም ያኔውኑ ነግሬያታለሁ።»

«በእጅህ ነበር የያዝከው?»

«በምኔ ልይዘው ኖሯል?»

ፃምቢካ መጨረሻ ላይ ገባች። የሟቹ ጠላቂ የሳቫስ ሚስት ነበረች፤ ባሏ በሞተ በሦስተኛው ዓመት ነው ፖቲቶስን ያገባችው።

«ውሃ እየቀዳ፣ ጣራዬን እየጠገነ ያቆመኝ እሱ ነው» አለች። «ከሱ በቀር ደጄን የረገጠ ሰው አልነበረም። ሳቫስ ሰክሮ ሞተ አሉኝ፤ እኔ ለመድኩት። ልጄ ግን አልለመደውም። ‹የሰካራሙ ልጅ› እያሉ ሲያበሽቁት አድጎ፣ አውስትራልያ ገባ። ‹አባቴን ያልጠበቅሽልኝ እናት› ብሎኝ ነው የሄደው። ዘጠኝ ዓመቱ፣ አንድ ደብዳቤ የለም።»

«ዛሬ ካፕቴኑ ምን አለሽ?»

«‹ስንሳለም አጠገቤ ቁሚ፣ የምሰጥሽ ነገር አለ› አለኝ። ቆሜ ጠበቅኩት፤ ሳይመጣ ቀረ።» ጃኬቱን ወደ ደረቷ ሳበችው። «ሊሰጠኝ የነበረው ምንድን ነው? ገዳዩን ካገኘህ በኋላ እሱንም ፈልግልኝ።»

ሚኬስ በዕድሜው ብዙ ሰዎች ፍትሕ ሲጠይቁት ሰምቷል። እንዲህ ቀስ ብሎ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

የገዳሙን በር የሚጠብቁት አባ ኔዮፊቶስ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ወንበራቸው አጠገብ መጥረጊያው እንደ ማገዶ ተከምሯል።

«አባ፣ ዛሬ ከመርከቧ ስንት መጥረጊያ ገባ?»

«አራት። የቀረው ባዕድ ነው፣ ፎቶውን አንስቶ ይሄዳል።»

«ሁለት ይዞ የመጣ አለ?»

«የለም ልጄ። አራት ሰው፣ አራት መጥረጊያ። ከመብራቱ ዘይት በየግንባራቸው መስቀል ሠርቼላቸዋለሁ። መልክ አትጠይቀኝ፣ አላይም። ግንባር ግን በጣቴ አውቃለሁ። የአንደኛው ላብ በላብ ነበር፣ ጣቴን አንሸራተተው።»

ሚኬስ ክምሩን አንድ በአንድ አነሳ። ከላይኛዎቹ መካከል አንደኛው እጀታው ላይ አሮጌ የገመድ ቀለበት ገብቶበታል። ቋጠሮው በጨው ብዛት ድንጋይ ሆኗል። ሁለቱም ጫፎቹ በቢላ የተቆረጡ ናቸው። ሚኬስ ገመዱን ሲያይ የሞተው አባቱ ትዝ አለው፤ ቋጠሮውን በጣቱ ዳሰሰው።

«አባ፣ ይቺን ያውሱኝ» አለ።

«የመልአኩ ናት።»

«የሱኑ ጉዳይ ልፈጽም ነው።»

አራቱን ሰዎች የመርከቧ ሳሎን ውስጥ ሰበሰባቸው። አዛዡ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ሚኬስ መጥረጊያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ኔክታሪያ ገመዱን አይታ «የአባዬ» ብላ አፏን ያዘች።

«የሞተው መርከቧ ሳትቆም ነው» ብሎ ጀመረ ሚኬስ። «ከቆመች በኋላ ታች የወረደ የለም። መጥረጊያው ግን ገዳም ገብቷል። ሬሳ በእግሩ አይሳለምም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው አስገባለት። ባዕድ ቢሆን ኖሮ እዚያው ጥሎት ይሄድ ወይም ባሕር ውስጥ ይወረውረው ነበር። ይህ ሰው ግን የሟቹን ስለት አገባለት። የሰው ነፍስ አጥፍቶ፣ የመልአኩን መጥረጊያ ማስቀረት የሚፈራ ሰው የት አገር እንደሚበቅል እናንተም ታውቃላችሁ። የእኛው ሰው ነው።»

«ይኸው ነዋ፣ ያኮቮስ» አለ አዛዡ።

«ያኮቮስ የራሱን መጥረጊያ ይዞ መጥቷል። ፃምቢካም፣ ኔክታሪያም። አባ ኔዮፊቶስ ሁለት የያዘ ሰው አልተቀበሉም። አራተኛውን ያስገባው ሰው ከሮድስ ሲነሳ ባዶ እጁን የነበረ ነው።» ሚኬስ ዞረ። «ፖቲቶስ፣ ኮፍያህን አውልቅ።»

«ፀሐይ መትቶኛል» አለ ፖቲቶስ።

«ሬሳው ፊትም አላወለቅክም። ያኮቮስ እንኳ፣ የሚጠላው ሰው፣ ለሬሳው አውልቋል። አውልቅ።»

ፖቲቶስ አልተንቀሳቀሰም። ኮፍያውን ያነሳችው ሚስቱ ናት፤ ልክ እቤት ሲገባ እንደምታነሳለት አድርጋ አነሳችው። ጨርቁ ከውስጥ በኩል በዘይት ርሷል። ግንባሩ ላይ መስቀሉ ደብዝዞ ይታያል።

«ጠርገኸው ቢሆን ኖሮ ምንም ማስረጃ አልነበረኝም» አለ ሚኬስ። «ለምን አልጠረግከውም?»

ፖቲቶስ እጆቹን ተመለከተ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

«አላምንም ስትል አልነበር እንዴ?»

«አላምንም» አለ ፖቲቶስ። «እፈራለሁ እንጂ።»

ማንም አልሳቀም። ሚኬስ መጥረጊያውን አንስቶ ቀለበቱን ለፃምቢካ አሳያት።

«ሊሰጥሽ የነበረው ይሄ ነው። አባቴ ጠላቂ ነበር፤ የጠላቂ ገመድ አይታሰርም። በእጅ ይያዛል። ያዡ ቢበላው አያክም፣ ዝንብ ቢያርፍበት አያባርርም፤ ታች ያለው ሰው የሚናገረው በዚያ እጅ ብቻ ነው። ይሄ ገመድ ግን ከጀልባው ብረት ጋር ተቋጥሮ ነበር። ካፕቴኑ ያንን አይቶ፣ ከነቋጠሮው ቆርጦ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ደበቀው። የጀልባው ስም እንዳይጠፋ ሲል ስለ ሳቫስ የተወራውን ዝም ብሎ ሰማ። ሲያረጅ ግን ለመልአኩ ተሳለ፤ መጥረጊያ አገባለሁ፣ ገመዱን ለባለቤቱ እሰጣለሁ ብሎ። ባለቤቱ አንቺ ነሽ። አንተ ግማሹን ስለት ብቻ ነው ያገባህለት፣ ፖቲቶስ።»

«ታች ጠራኝ» አለ ፖቲቶስ፤ ድምፁ ደክሟል። «‹አንተ ራስህ ንገራት፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› አለኝ። እስከ ነገ ታገሰኝ አልኩት። እምቢ አለ። ገፋሁት፤ የመኪናው ብረት ጭንቅላቱን አገኘው። ወዲያው የገዳሙ ደወል ተደወለ። መጥረጊያው እግሬ ሥር ወድቋል። ጥዬው መሄድ አቃተኝ። ገመዱንም ላወልቅ ነበር፤ ከተሳለ ነገር ላይ መቀነስ ፈራሁ። ያን ሁሉ መጥረጊያ ማን ይመረምረዋል ብዬ...»

«ያን ቀን» አለች ፃምቢካ፤ ስለ ካፕቴኑ ሞት የተነገረውን የሰማች አትመስልም። «ገመዱን አስረህ ወዴት ሄድክ?»

«ካርታ ልጫወት። ለአንድ ዙር ብቻ ብዬ።»

«ሳቫስ ሳበ ወይስ አልሳበም?»

ፖቲቶስ መልሱን ፈለገ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአፉ የነበረው መልስ አሁን እምቢ አለው።

«አላውቅም» አለ። «በእጄ አልነበረም።»

«አልሳበም ስትለኝ ነው የኖርከው። እኔም ለልጄ ያንን ነው የነገርኩት። በአንተ ቃል።»

ያኮቮስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጥፋተኛውን ትቶ ሌላ ሰው ሲሰድብ መኖሩ ገብቶታል። ካፕቴኑም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም፣ ስለዚህ ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው እንኳ አጣ።

ካቴናው ሲገባለት ፖቲቶስ እንደ ልማዱ «ፃምቢካ፣ ጃኬቴን» አላት። እጇም እንደ ልማዱ ተዘረጋ። እጇን ግማሽ መንገድ ላይ መለሰችውና ጃኬቱን አጠገቧ ካለው ወንበር ጀርባ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ በኋላ ጃኬቱን የነካው የለም።

ገመዱ ማስረጃ ነበር፤ ታሽጎ ሊፈረምበት ይገባ ነበር። ሚኬስ መጥረጊያውን ለአባ ኔዮፊቶስ ሊመልስ ሲል ቀለበቱን ከእጀታው ላይ ታግሎ አወጣውና ለፃምቢካ ሰጣት።

«እስከ ከተማ ድረስ ያዢው» አላት። «እዚያ ስንደርስ እቀበልሻለሁ።»

መርከቧ ጥሩንባዋን ነፋች፣ የገዳሙ ደወልም መለሰላት፤ ያለ ምንም ችግር ከወደቡ ወጣች። ፃምቢካ ከፊት፣ ነፋሱ የሚበረታበት ቦታ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ነፋሱ ሻሿን ፈትቶ ወደ ባሕር ሲወስደው ኔክታሪያ ከኋላ «ያዢው እንጂ» አለቻት። ፃምቢካ አልያዘችውም። ሁለት እጇ ገመዱ ላይ ነበር።